ከጎን የተሣሉ ሰዎች

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ትልቁን አዳራሽ ሰጡኝ። ለብቻዬ።

ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ የጎንደር ሥዕል ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ በዚያ አዳራሽ የሌላውን ሰው ሥዕል ስሰቅልና ሳወርድ ነው የኖርኩት። ዛሬ ዳይሬክተራችን አቶ አንዱዓለም ቢሮው ጠራኝና «ለጥምቀት እንግዳ ያንቺን እናሳይ፤ ጥር 8 ይከፈታል» አለኝ። አመሰግናለሁ አላልኩም። «ዘገያችሁ» አልኩት። ሳቀ። አንዱዓለም ሰው ሲስቅ ይስቃል፣ ሰው ሲቆጣ ይደነግጣል፤ ክፋት የለበትም።

ይህን ደብተር አራዳ ወርጄ የገዛሁት ከቢሮው እንደወጣሁ ነው። እስከ ጥር ድረስ ብዙ እንደምናደድ አውቃለሁ። ንዴቴን የማስቀምጥበት ይኑረኝ።

አሥራ ስምንት ሥዕል አለኝ። ሁሉም የማውቃቸው ሰዎች ናቸው። በርበሬ የምትሸጠው ጎረቤቴ ይመኙሽ አለች፤ የትምህርት ቤታችን ሙዚየም ጠባቂ አያ ዳኛው አለ፤ ልብስ ሰፊው፣ ባጃጅ ነጂው፣ የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ አሉ። ሁሉም ከጎን የተሣሉ ናቸው፤ አንድ ጆሮ፣ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ዓይን። ሰው ፊት ለፊት ሲያዩት ይዘጋጃል። ከጎኑ ሲያዩት ግን ራሱን ይረሳል። እኔ መሣል የምወደው ራሱን የረሳውን ሰው ነው።

አሥራ ዘጠነኛው ገና አልተሣለም። በዋናው ግድግዳ መካከል ላይ የሚሰቀለው እሱ ነው። አባቴ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ማክሰኝት ለእህቴ ለወለተሩፋኤል ደወልኩ። አባታችንን የምትጦር እሷ ናት። «የኔታ ይቀመጡልኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አልኳት። እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነው የምንላቸው፤ ቤቱ ተማሪ ሞልቶት ስላደግን አባባ ማለት አልለመድንም።

ስልኩን ሳትዘጋ ጠየቀቻቸው። ድምፃቸው ተሰማኝ፦ «ምነው፣ የሚሣል ሰው አጣች?» ከዚያ ሳል። ከዚያ «ትምጣ»።

መንገዱ ክፍት ከሆነ ቅዳሜ እሄዳለሁ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ሦስት ቀን ማክሰኝት ሰንብቼ ተመለስኩ።

አባቴ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ግን አሁንም መርፌ ያያል። በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳቸውና በግራቸው በኩል ሸራዬን ዘረጋሁ።

«ምነው ከፊቴ አትቀመጪም?»

«ብርሃኑ በዚህ በኩል ይሻለኛል፣ የኔታ።»

«ብርሃን እኔ አላስተማርኩሽም።»

«ሌላ ሰው አስተማረኝ።»

ሸጋ አድርገው ተቀመጡልኝ። ስልሳ ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሣሉ ሰው መቀመጥ ያውቁበታል። ሸራውን አንድ ቀን እንኳ ዘወር ብለው አላዩም፤ ያላለቀ ሥራ አይታይም፣ የቤታችን ሕግ ነው። ሰኞ ከቀትር በኋላ ብሩሼን ስጠርግ ተነሥተው መጡ። ብዙ ቆሙ።

«ሁለተኛው ዓይኔስ?»

«በዚያኛው በኩል ነዋ።»

«በዚያኛው በኩል ያለውን የሚያይ እግዚአብሔር ነው። ሰው የሚያየው አንቺ ያልሽውን ነው።»

ሁልጊዜ እስከ ማኪናው ይሸኙኝ ነበር፤ ትናንት አልሸኙኝም።

ምን እንዳሉኝ ገብቶኛል። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ከሃዲ፣ ኃጥእ፣ ሰይጣን ከጎን ይሣላል፣ በአንድ ዓይን። ጎንደር ውስጥ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። እኔ ግን የምሥለው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አይደለም፤ ሰው ነው። የእኔ ሰዎች ሁሉ ከጎን ናቸው። አባቴን ለይቼ ፊት ለፊት ብሥላቸው ኖሮ ነበር የሚያስገርመው።

ደግሞ አፍንጫቸው ከጎን ሲታይ ያምራል። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

የአባቴ ሸራ ከማክሰኝት ሳይፋቅ ደረሰ። አንዱዓለም አይቶ «ባነሩ ላይ የሚወጣው ይኼ ነው!» አለ። ፎቶ አነሣው። ክፈፍ ሠሪው ሁለቱን አሳስቶ ለክቷል። የተማሪ ፈተና አላረምኩም። ከአባቴ ወሬ የለም። እህቴ ስትደውል ስለ ጤፍ ዋጋ ታወራኛለች።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ባነሩ በትምህርት ቤታችን በር ላይ ተሰቀለ። የአባቴ ፊት የሁለት ሰው ቁመት ሆኖ አራዳን ቁልቁል ያያል። ሠራተኞቹ ገመዱን ሲያስሩ ከሥር ቆሜ ሳይ፣ ከገበያ የሚመለሱ ሁለት ሴቶች አጠገቤ ቆሙ። አንደኛዋ ቀና ብላ አየችና «ምስኪን ሽማግሌ! ምን በድሎ ነው?» አለች።

መልስ በአፌ መጣ። ዋጥኩት። ምን ልል እንደነበር አሁን ስጽፍም በደንብ አላውቀውም።

አያ ዳኛው ሰምቶ ሳቀ። እሱ ግራ ዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ አያይም። «እኔንስ እውነቴን ነው የሣልሽኝ፤ ያለኝ አንድ ነው» አለኝ። «የአባትሽ የመሪጌታ ግን ሁለቱም ደኅና ናቸው። ምነው ቀማሻቸው፣ የትኔ?»

«አልቀማኋቸውም፤ አስቀመጥኩላቸው» አልኩት። ቀልድ መሆኑ ነው። እሱ ግን አልሳቀም።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ይመኙሽ ክፍል ድረስ መጣች። ሠላሳ ተማሪ እያየን፣ በርበሬ የነካው እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ በሩ ላይ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ። ከኃጥአን ጋር ነው የቆጠርሽኝ?»

ወደ ውጭ ይዣት ወጣሁ። «አምስት ቀን ገበያዬን ጥዬ ተቀመጥኩልሽ» አለችኝ። «ሸጋ አድርጌ እሥልሻለሁ አልሽኝ። ዛሬ አማቴ ባነሩን አይታ መጣች። የገዛ አባቷን እንዲህ ካደረገች ያንቺንማ ምን አድርጋው ይሆን አለችኝ።»

አስረዳኋት። ስለ መስመር፣ ስለ ብርሃን፣ ሰው ራሱን ስለመርሳቱ ነገርኳት። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝና «ይህን ሁሉ ያኔ ምነው አልነገርሽኝ?» አለች።

አልነገርኳትም። ከአሥራ ስምንቱ ለአንዳቸውም አልነገርኩም። እንዲቀመጡልኝ እንጂ እንዲያውቁ አልፈለግሁም። ይህ ነውር ነው፤ ነውሬን በእጄ ጽፌዋለሁ።

«ላውርደው?» አልኳት።

«አስቤ እነግርሻለሁ» ብላ ሄደች። ወደ ክፍል ስመለስ ተማሪዎቼ ሁሉ ወረቀታቸውን እያዩ ነበር። መቼም እንደዚያ ተግተው ሲሠሩ አይቻቸው አላውቅም።

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

ይመኙሽ ቁርጧን ነገረችኝ። «አታውርጅው። ስሜን ግን ከሥሩ ጻፊበት፤ በትልቁ፣ እስከ አያቴ። በሥዕል ላይ ኃጥእ ስም የለውም፤ ዝም ብሎ የሚቃጠል ብዙ ሰው ነው። ስም ያለው ግን ሰው ነው።»

ሄሮድስም ይሁዳም ስም ተጽፎላቸዋል ብዬ አላረምኳትም። አሥራ ዘጠኙም ሥዕሎች ስማቸው በትልቁ ይጻፍባቸዋል። እኔ ማሰብ የነበረብኝን በርበሬ ሻጭ አሰበችልኝ፤ ተናድጃለሁም፣ ኮርቻለሁም።

«ዝም ብሎ የሚቃጠል ብዙ ሰው።» ከጠዋት ጀምሮ ይህ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

መብራት የለም። ኔትወርክም የለም። ስለዚህ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን እጽፋለሁ። ያን ያህል ነገር ሆኖ አይደለም።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በእኛ አገር ግድግዳው ላይ አይሣልም። ቤት ውስጥ አቡጀዲ ላይ ይሣልና ተወስዶ ግድግዳው ላይ በሙጫ ይለጠፋል። አባቴ የደብራቸውን የምጽአት ሥዕል ሲሥሉ አቡጀዲው ከእልፍኝ እስከ ጓዳ ተዘርግቶ ከረመ። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። መጀመሪያ ቀለም ፈጨሁ። ከዚያ ጥቁሩን መስመር ማስከተል ተፈቀደልኝ። አንድ ቀን አባቴ ጌታን፣ እመቤታችንን፣ መላእክቱንና ጻድቃኑን ጨርሰው በግራ በኩል የቀረውን ባዶ አሳዩኝ። «ክፉዎቹን አንቺ ጨርሻቸው» አሉ። «ብትሳሳቺም ክፉ ናቸው፤ ማንም አይቀየምም።»

አርባ አንድ ናቸው። ሁለት ዓመት ፈጁብኝ። አንዱ አፉን በእጁ ይዟል። አንዷ በሰው መካከል ልጇን ትፈልጋለች። አንዱ ሁሉም ሲጮኽ እሱ ጫማው የጠፋበት ይመስል እግሩን ያያል። ከመጽሐፍ አልገለበጥኳቸውም፤ ማክሰኝት ገበያ ቆሜ ከጎናቸው ያየኋቸው ሰዎች ናቸው። ሰው ከጎን መሣል የት ተማርሽ ብለው ይጠይቁኛል። ገሃነም ውስጥ ነው የተማርኩት።

ሥዕሉ በቤተ ክርስቲያኑ ምዕራብ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከሥሩ በግእዝ «ዘሠዐሎ ለዝንቱ ሥዕል ሐብተ ማርያም» ተብሎ ተጻፈ፤ ይህን ሥዕል የሣለው ሐብተ ማርያም ነው ማለት ነው። የዚያን ቀን ቤታችን ድግስ ነበር። የያኔው የደብሩ አለቃ «ይህን ሁሉ ለብቻዎ እንዴት ቻሉት?» ብለው ጠየቁ። አባቴ «እግዚአብሔር ረዳኝ» አሉ። እኔ ጠላ እየቀዳሁ ነበር። ከብርጭቆው አልፎ አለቃው ጉልበት ላይ ፈሰሰ። «ዓይንሽ የት ነው?» ብለው የተቆጡኝ አባቴ ናቸው።

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆነው። ረስቼዋለሁ። ቂም አልያዝኩም።

እና አሁን መሪጌታ ሐብተ ማርያም አንድ ዓይናቸውን ይጠይቁኛል! አርባ አንድ ሰው ከእጄ ወስደው አንድ ዓይን!

አፍንጫቸው ነው ብያለሁ። አፍንጫቸው ነው።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

አንዱዓለም ከረፍት ቀኔ ጠራኝ። የአባቴ ደብር አለቃ መልአከ ሰላም ህሩይ ትናንት መጥተው ነበር። ሙዚየማችን ውስጥ ካሉት የጥንት ሥዕሎች ስድስቱ ከእሳቸው ደብር በውሰት የመጡ ናቸው። አልጮኹም አለኝ። ቁጭ ብለው ውኃ ጠጥተው፣ «አባታችንን በኃጥእ መልክ የሚሰቅል ቤት የእኛን ሥዕል ሊያስቀምጥ አይገባውም» ብለው ሄዱ።

«አንዲት ዓይን ናት እኮ» አለኝ አንዱዓለም። «የግማሽ ቀን ሥራ ናት።»

«ከጎን በታየ ፊት ላይ የት ላድርጋት? ጉንጫቸው ላይ?»

«ባለሙያዋ አንቺ ነሽ። ወይ ጨምሪ፣ ወይ አውርጂ። እስከ ጥር 6 አስቢበት።»

«አስቤበታለሁ። አሥራ ዘጠኙም ይሰቀላሉ። አለዚያ አንዱም አይሰቀልም።»

በሩን አልወረወርኩትም፤ ቀስ አድርጌ ዘጋሁት። ደረጃውን ስወርድ ግን መሐል ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅሁትን በአንድ አፍ መለስኩት። ማንም አላየኝም፤ አያ ዳኛው ብቻ አየኝ፣ እሱም በአንድ ዓይኑ።

ከሰዓት በኋላ ባነሩ ወረደ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

ታኅሣሥ 24፣ ሐሙስ

እህቴ ደወለች። የአባቴን መልእክት ቃል በቃል ነገረችኝ፦ «ዓይኔን ትጨምርልኝ፤ እመጣለሁ። አለዚያ ደጁን አልረግጠውም።»

«እንዲህ በያቸው» አልኳት። «በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ያሉትን ክፉዎች ማን እንደሣላቸው በገዛ አፋቸው፣ በሰው ፊት ይናገሩ። የዚያኑ ቀን ዓይናቸውን እጨምራለሁ።»

እህቴ ታላቄ ናት፤ ያኔ ቤት ውስጥ ነበረች፣ ሁሉን ታውቃለች።

«አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለሽማግሌ ይላካል? ለቅጣት ነዋ የሣልሻቸው።»

«ለቅጣት አይደለም!»

«እሺ። ምነው ታዲያ ትጮኺያለሽ?»

ዘጋሁባት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አትነግራቸውም ይሆናል። ትነግራቸዋለች፤ ወለተሩፋኤል የሰማችውን ይዛ ማደር አትችልም። ትንገራቸው። እውነት አይደለም እንዴ? እውነት ነው። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። እውነት ነው ግን።

ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ፣ ገና

ማክሰኝት አልሄድኩም። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው።

ይመኙሽ ቤት ዶሮ በላሁ። «አባትሽ ዘንድ ምነው አልሄድሽ?» አለችኝ። «መንገዱ ዝግ ነው» አልኳት። ባለቤቷ በዚያው መንገድ ዛሬ ጠዋት ከማክሰኝት መጥቶ አጠገቤ ተቀምጧል። አቀርቅሮ አጥንቱን ጋጠ እንጂ ቃል አልተነፈሰም። እግዜር ይስጠው።

ጥር 2፣ ዓርብ

አሥራ ስምንቱ ተሰቀሉ። ስማቸው ከሥር በትልቁ ተጽፏል። ይመኙሽ እስከ አያቷ አልበቃት ብሎ ቅድመ አያቷ ተጨምሯል። የአባቴ ሥዕል ገና ወለሉ ላይ ግድግዳ ተደግፏል። ከማክሰኝት አንድም ወሬ የለም። እህቴ ስልክ አታነሣም።

የሠራሁትን እዚህ ልናዘዝ። ዛሬ ሁሉም ለምሳ ሲወጡ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴን ፊት ለፊት ልሞክራቸው ብዬ ነው። ለመጨመር አይደለም፤ ለማየት ብቻ። ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፣ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። የወጣልኝ የማላውቀው ሽማግሌ ነው።

አባቴን ፊት ለፊት አላውቃቸውም። ስድስት ዓመት ሙሉ አቡጀዲ ላይ ጎን ለጎን ተንበርክከን ነው የሠራነው፤ እሳቸው በቀኝ፣ እኔ በግራ። ብሩሼ ሲደርቅ ቀና ስል የማየው የግራ ጉንጫቸውን ነበር። ቅንድባቸው ላይ ቀለም ሲነካቸው የምጠርግላቸው በዚያ በኩል ነበር። ከፊታቸው የሚቀመጡት ተማሪዎቻቸው፣ እንግዶችና ባለጉዳዮች ናቸው። እኔ ቦታዬ እዚያ አልነበረም።

እንግዲህ አፍንጫቸው ብቻ አይደለም። ለቅጣትም ብቻ አይደለም። «ብቻ» ብዬ ጻፍኩ፤ አልሰርዘውም።

ይህ ሁሉ ግን የአንዱዓለምም የመልአከ ሰላምም ጉዳይ አይደለም። ዓይን አይጨመርም!

ጥር 6፣ ማክሰኞ

«ወሰንሽ?»

«ድሮ።»

አንዱዓለም ላቡን ጠረገ። ሌሊቱን አስቦ የመጣው ዘዴ አለው፦ ሥዕሉ ይሰቀላል፣ ግን በጨርቅ ይሸፈናል። መልአከ ሰላም ቢመጡ ተሸፍኗል እንላለን፣ አንቺም ተሰቅሎልሻል።

«ሸፍነው» አልኩት። «እኔም እጅ አለኝ።»

ወንበሮች ተደረደሩ። ከፊተኛው ረድፍ አንዱ ላይ ቦርሳዬን አስቀምጬ መጣሁ፣ ማንም እንዳይዘው። ለቦርሳዬ ነው።

ጥር 8፣ ሐሙስ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አራት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ለጥምቀት የመጡ እንግዶች ነበሩ። የሣልኳቸው ሰዎች የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው እያንዳንዳቸው በየሥዕላቸው ሥር ቆመዋል። ማንም ቁሙ አላላቸውም። ይመኙሽ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ እየያዘች ስሟን እስከ ቅድመ አያቷ ታነብለታለች። አያ ዳኛው በሩን ጥሎ መጥቷል።

ዋናው ግድግዳ ላይ ነጭ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። አንዱዓለም ንግግሩን ጀመረ። «ጥንታዊው ትምህርት ቤታችንና ሙዚየማችን» ሲል ተነሥቼ ሄድኩና ጨርቁን በሁለት እጄ ሳብኩት። ወረደ። አንድ ሰው «ኧረ!» አለ። አንዱዓለም አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ቀጥል» አልኩት። ቀጠለ። ምን እንዳለ እሱም አያውቀው።

አባቴ የገቡት ያን ጊዜ ነው። እህቴ ክንዳቸውን ይዛለች፤ በሌላው በኩል መልአከ ሰላም ህሩይ አሉ። ሰው ሁሉ ተነሣ። አባቴ ቀጥታ ወደ እኔ አልመጡም። ከበሩ ጀምረው አሥራ ስምንቱን ሥዕሎች አንድ በአንድ አዩ። በእያንዳንዱ ሥር ቆመው ስሙን ድምፅ አውጥተው አነበቡ። መጨረሻ ላይ የራሳቸው ዘንድ ደረሱ።

«መሪጌታ፣ ይኸውና» አሉ መልአከ ሰላም። «እርስዎ ይፍረዱ።»

አባቴ ወደ ሥዕሉ ተጠጉ። ብዙ አዩት። ከዚያ ዘወር አሉ።

«መልአከ ሰላም፣ በምዕራቡ ግድግዳችን ላይ ስንት ኃጥአን አሉ?»

«ቆጥሬ አላውቅም።»

«አርባ አንድ ናቸው። አንዱንም እኔ አልሣልኩም። ይህች ናት የሣለቻቸው፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆና። እግዚአብሔር ረዳኝ ብዬ ነበር። ረድቶኛልም፤ በማን እጅ እንደረዳኝ ግን ደበቅሁ። ሕዝቡ እኔ የሣልኳቸውን ጻድቃን ተሳልሞ ያልፋል። ቆሞ የሚያለቅሰው እሷ የሣለቻቸው ዘንድ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ከማኅሌት ላይ ሆኜ ይህን አየሁ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ቀናሁባት።»

መልአከ ሰላም ፊታቸው ተለዋወጠ። ቆይተው ዝግ ባለ ድምፅ «መሪጌታ፣ ይህን ባይናገሩት ይሻል ነበር» አሉ። «እኔ ያልሰማሁ መሆን አልችልም።»

«አውቃለሁ። እንዲሰሙት ነው።»

መልአከ ሰላም ለአባቴ እጅ ነሥተው ወጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንደዚያ ማለት ከብዶኝ ነበር የከረምኩት።

ከዚያ አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ቃልሽ?»

ቃሌ። ረስቼዋለሁ ብል ውሸታም እሆናለሁ። ክፍሌ ሄጄ ብሩሽና ጥቁር ቀለም አመጣሁ። በመንገዴ ሁሉ የማስበው ያን ጉንጭ እንዴት እንደማበላሸው ነበር። ግን እሳቸው የከበደውን ተናግረዋል፤ እኔ ቃሌን ብበላ ከማን አንሼ ነው? ሸራው ፊት ቆምኩ። ብሩሹን አነሣሁ።

አባቴ ብሩሹን ከእጄ ወሰዱት።

«ተይው» አሉ። «ዓይኑ ይቅር። ጆሮዬ ግን ይህን ያህል አይደለም።»

«ነው» አለች እህቴ ከኋላ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ። ይዩኝ፤ ምን አገባኝ።

ጥር 9፣ ዓርብ

አባቴ እኔ ቤት ናቸው። አልጋዬን ወሰዱ። ጠዋት የቀለም ቱቦዎቼን አንድ በአንድ እያሸተቱ «ይህ ከምን ይወጣል?» ይሉኛል። «ከፋብሪካ።» «ይህስ?» «እሱም ከፋብሪካ።» «ታዲያ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?»

ጆሮውን ትናንት ማታ ለካሁት። ልክ ነው። አልነካውም።

ጥር 11፣ እሑድ፣ ጥምቀት

አባቴ ዘንድሮ ከሊቃውንቱ ጋር አልቆሙም። አይምጡ ያላቸው የለም፤ ይምጡም ያላቸው የለም። ከበሮው እስከ ቤታችን ይሰማል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸው ምቱን ይከተላል።

«ይቆጭዎታል፣ የኔታ?»

«ይቆጨኛል» አሉ። «ዝም ብዬም ሲቆጨኝ ነው የኖርኩ።»

ጥር 15፣ ሐሙስ

ትርኢቱ አልተዘጋም። ስድስቱ የጥንት ሥዕሎችም እስካሁን የወሰዳቸው የለም፤ አንዱዓለም በየጠዋቱ ይቆጥራቸዋል።

ዛሬ ግን ከደብሩ ሰበካ ጉባኤ ደብዳቤ መጣ። አባቴ ጥር 20፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ቀርበው እንዲያስረዱ ይላል። ጉዳዩ በምዕራቡ ግድግዳ ሥዕል ላይ «ሌላ ግለሰብ ስለ መሳተፉ» ነው። ሥዕሉ እዚያው ይቆይ ወይም ይነሣ የሚለው የዚያን ቀን ይወሰናል።

ሌላ ግለሰብ! አርባ አንድ ሰው ሥዬ ሌላ ግለሰብ!

ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አናቱ ላይ «ለመሪጌታ ሐብተ ማርያም» ይላል፤ ሌላ ስም የለበትም። እስክሪብቶዬን አወጣሁና ከሥሩ በትልቁ «ለሠዓሊት የትነበርሽ ሐብተ ማርያም» ብዬ ጻፍኩበት። ማክሰኞ ሁለታችንም እንሄዳለን። የሚነሣ ከሆነ እኔ እያየሁ ይነሣል፤ እያንዳንዱን ከየት እንዳመጣሁት ሳልናገር ግን አይነሣም።

ደብዳቤውን ለአባቴ ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርገው አነበቡት። እንዲቆጡኝ ጠብቄ ነበር።

«ምነው ከሥሬ ጻፍሽው?» አሉኝ። «ጎን ላይ ቦታ አለ።»